የደም ካልሲየም ኖርማል ሆኖ የልብ ሴል ለምን ይጎዳል?

«ካልሲየም ስላለው እማዬን ወተት ላስቁማቸው?» ላልሽው፣ አታስቁሚያቸው። «የእማዬ የደም ካልሲየም ኖርማል ነው፤ ታዲያ የልብ ሴላቸው ውስጥ ተዛባ ማለት ምንድነው?» ላልሽው፣ ሁለቱ ለየቅል ናቸው። ልብ ባረፈበት ቅጽበት ከሴሉ ውጭ ያለው ካልሲየም ከውስጡ 10,000 እጥፍ ገደማ ይበልጣል።

በየምቱ ትንሽ ይገባል፣ ከሴሉ ጓዳም ይለቀቃል፤ ጡንቻው ይኮማተራል። ከዚያ ወዲያው መመለስ አለበት። መላሹ ፓምፕ ከደከመ ውስጥ ይቀራል። ልቡ በደንብ አይላላም፣ ምቱም ይዛባል። ትርፉን ማይቶኮንድሪያዎቹ (የሴሉ ኃይል ማመንጫዎች) ይውጡታል፤ ሲበዛባቸው ያብጡና ይፈነዳሉ፣ ሴሉም ይሞታል። የሞተ የልብ ሴል ደግሞ እንደ ቆዳ አይተካም።

የካልሲየም ኪኒን ግን ሌላ ነው። እኔ እዚህ ለገጣፎ፣ ዲጎክሲን የተባለ የልብ መድኃኒት ለሚወስዱት አባቴ «ለአጥንታቸው» ብዬ ካልሲየም ገዛሁ። ሐኪሙ ካርቶኑን ገልበጥ አድርጎ አየና «ማን አዘዘልህ?» አለኝ። ለካ ዲጎክሲን ራሱ ሴሉ ውስጥ ካልሲየም ይጨምራል።