በአያት ባድማ ላይ ዲቴክተር ይዞ መውጣት

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፣ ከወረኢሉ፦ እንደምን ሰነበታችሁ? የአያቴ አባት ይኖሩበት የነበረው ቤት ከፈረሰ ብዙ ዘመን ሆኖታል። አሁን የቀረው የግድግዳው ድንጋይና ቁልቋሉ ብቻ ነው። አንድ ዘመዴ ከውጭ አገር ሜታል ዲቴክተር (የብረታ ብረት መፈለጊያ መሣሪያ) አምጥቶልኛል። ቦታው የቤተሰባችን ስለሆነ እንደ ልቤ መፈለግ እችላለሁ? ከየትስ ልጀምር?

መልስ፦ ይዞታው የእርስዎ መሆኑ ብቻውን ፈቃድ አይሆንም። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ፍለጋ የሚወጣ ማንኛውም ሰው በቅድሚያ ከቅርስ ባለሥልጣን የጽሑፍ ፈቃድ እንዲይዝ ያዝዛል። መሠረት ሲቆፍሩ ወይም ሲያርሱ ድንገት ያገኙት ከሆነ ደግሞ ወዲያው ማሳወቅና ርክክቡ እስኪፈጸም እንዳለ ጠብቆ ማቆየት ግዴታ ነው። በድንገት አግኝቶ ላስረከበ ሰው ተገቢው ሽልማት እንደሚሰጠው፣ ያወጣው ወጪም እንደሚተካለት አዋጁ ራሱ ይናገራል። ስለዚህ መሣሪያውን ከመክፈትዎ በፊት ወደ ወረዳዎ ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ይሂዱ። ቦታው የት እንደሆነና ምን እንደሚፈልጉ በጽሑፍ ያቅርቡ፤ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበሉ። ባለሙያ አብሮዎት እንዲወጣ መጠየቅ ደግሞ ከሁሉ ይሻላል።

ፈቃዱ ከተገኘ በኋላም ዲቴክተሩ ለአንድ ቀን ከቦርሳው አይውጣ። መጀመሪያ ሽማግሌዎችን ይጠይቁ፦ በሩ ወዴት ይዞር ነበር? ከብቱ በየት ይገባ ነበር? ውሃ ከየት ይቀዳ ነበር? አመዱስ የት ይደፋ ነበር? ከዚያ ቦታውን ይዙሩት። በመሥመር የቆመ ቁልቋል የአጥር ምልክት ነው። ሳማ ጥቅጥቅ ብሎ የበቀለበት አብዛኛውን ጊዜ በረት ወይም ጥራጊ መድፊያ የነበረ ነው፤ ሳማ ፍግ የጠገበ አፈር ይወዳል። የግድግዳውን ድንጋይ ክብ ተከትለው ሲሄዱ ክፍተት ካገኙ ደጃፉ እሱ ሊሆን ይችላል፤ ሽማግሌዎቹ ከነገሩዎት ጋር ያስተያዩት።

ሰው ዕቃ የሚጥለው በሚያጎነብስበት፣ በሚቀመጥበትና ሸክም በሚያወርድበት ቦታ ነው። ከደጃፉ ፊት ያለው ሁለት ሦስት ሜትር፣ የአጥሩ በር፣ የጥላው ዛፍ ሥር፣ የውሃው መንገድና የአመድ መድፊያው ከሌላው ይቀድማሉ። የምድጃውና የመደቡ አካባቢ ስለ ቤቱ ኑሮ ብዙ የሚናገር ስለሆነ ለባለሙያ ይተዉት።

ሲባጎ ወስደው ከደጃፉ ተነሥተው በየ1 ሜትሩ መሥመር ይዘርጉ። በመሥመሩ እየሄዱ ድምፅ የሰጠውን ሁሉ፣ ባይቆፍሩትም እንኳ፣ በደብተር ይጻፉ፦ ከደጃፉ ስንት ሜትር ነው? በየት አቅጣጫ? ድምፁ ቀጭን ነው ወፍራም? አሥር አሥራ አምስት መሥመር ከሞላ በኋላ ሚስማሩ የት እንደበዛ፣ ባዶው የት እንደሆነ ወረቀቱ ላይ ይታያል። አንድም ጉድጓድ ሳይከፈት የቤቱ ቅርጽ የሚወጣበት ጊዜ አለ፤ ለእኛ የዚህ ሥራ ትልቁ ዋጋ ይህ ነው።

ስለ ጥልቀት አጥብቀን እንናገር። በበሬ የሚጎተት ማረሻ የሚነካው የላይኛውን ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በታረሰ መሬት ላይ በዚህ ውስጥ የተገኘ ዕቃ ቀድሞውኑ ከቦታው ተነቅሎ ወዲያ ወዲህ ተጎትቷል። ከዚያ በታች ያለው ግን እንደወደቀ ነው፤ ከጎኑ ያለው ከሰል፣ አጥንትና ገል ከእሱ ጋር አብሮ የሚነበብ ነው። ብረቱን ለብቻ ከመዘዙት ሌላው አፉን ይዘጋል። ስለዚህ ፈቃድ ይዘውም ቢሆን ባለሙያ ሳይኖር ከማረሻው ጥልቀት በታች አይውረዱ፤ ምልክቱን መዝግበው አፈሩን እንደነበረ ይተዉት። ታርሶ የማያውቅ ግቢ ከሆነ ደግሞ ከላይኛው ሣር ጀምሮ ሁሉም በቦታው ነው።

በተፈቀደልዎ ጥልቀት ሲያወጡ ዶማ አይንኩ። በትንሽ መኮትኮቻ ሣሩን በሦስት ጎን ቆርጠው በአራተኛው ጎን እንደ መጽሐፍ ገጽ ይግለጡት። አፈሩን በማዳበሪያ ከረጢት ላይ ያውጡ፤ ሲጨርሱ መልሰው ሞልተው ሣሩን ይክደኑበት። ዕቃው በመኮትኮቻ ጫፍ የሚጫረው አፈሩ ሲደርቅና ሲጠነክር ነው፤ የበልግ ዝናብ ካለፈ ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ መሬቱ ይለሰልሳል።

ጥያቄ፣ ከኮምቦልቻ፦ እኛ ሰፈር ዳገቱ ላይ የድሮ ቤቶች ፍርስራሽ አለ። ጣሊያን ሰፍሮበት ነበር ይባላል። ልጆች ቀለህ እየለቀሙ ያመጣሉ። ዲቴክተር ይዞ መሄድ ያሰጋል?

መልስ፦ አዎ፣ ያሰጋል። እዚያ አይሂዱ፤ ልጆቹንም ያስቁሙ።

ጣሊያን ደሴን በ1928 ዓ.ም. ይዞ በ1933 ዓ.ም. ሲለቅ ከኮምቦልቻ እስከ ደሴ ባለው ዳገት ላይ ውጊያ ተደርጓል። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በተደረገው ጦርነት ደግሞ በሰሜንና በደቡብ ወሎ ብዙ ተተኳሽ ተጥሏል፤ ያልፈነዳውም ቀርቷል። ዲቴክተር ሞርታርን ከማረሻ አይለይም። እንዲያውም የሞርታር ድምፅ ሰፊና ጠንካራ ስለሆነ ሰውን ለቁፋሮ ይበልጥ ይጋብዛል። ብረቱ መዛጉ ደኅና ያደርገዋል የሚለውም ስሕተት ነው። ዝገቱ የሚበላው ቀፎውን ነው፤ ውስጡ ያለው ፈንጂ ለብዙ አሥር ዓመታት ኃይሉን ይዞ ይቆያል፣ ማስነሻው ደግሞ ሲያረጅ ይበልጥ የሚያስፈራ ይሆናል።

ክንፍ ያለው፣ ወገቡ ላይ የመዳብ ቀለበት የታሰረበት ወይም አፍንጫው የሾለ ወፍራም ብረት ካዩ እጅዎን ያንሡ። አይንኩት፣ ውሃ አያፍሱበት፣ ድንጋይ አይወርውሩበት፣ አጠገቡም ችካል አይትከሉ። ሞባይል እዚያው ላይ አይደውሉ። በመጡበት ዱካ ተመልሰው፣ ከሩቅ በሚታይ ነገር ቦታውን አስታውሰው ለፖሊስ ያሳውቁ። ባዶ ቀለህ ራሱ አይጎዳም፤ ጥይቱ ከነእርሳሱ ያለ ከሆነ ግን አይምቱት፣ አያሙቁት፣ ቤትም አያስገቡት።

ጥያቄ፣ ከደሴ ዙሪያ፦ መሣሪያዬ ቀይ አፈር ላይ ሳወጣው ያለማቋረጥ ይጮኻል። አንዳንዴ የብር ድምፅ ሰጥቶኝ ስቆፍር የማገኘው የተሰበረ የብረት ምጣድ ነው። ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ አልተበላሸም። የወሎ ደጋ አብዛኛው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። የዚህ ድንጋይና ከእሱ የወጣው አፈር ብረት አዘል ማዕድን ለኮይሉ እንደ ብረት ይሰማዋል። ኮይል የምንለው ከታች ያለውን ክብ ሳህን ነው። ምድጃ በነበረበት ቦታ ደግሞ ችግሩ ይብሳል፤ በእሳት የተቃጠለ አፈር ማግኔታዊነቱ ይጨምራል። ያ ጩኸት ግን ለደብተርዎ ጠቃሚ ነው፤ ምድጃው የት እንደነበር ሊነግርዎት ይችላል።

መሣሪያውን ከአፈሩ ጋር ያስማሙት። ብረት የሌለበት ስፍራ ፈልገው ኮይሉን ከ30 ሴንቲ ሜትር ወደ 3 ሴንቲ ሜትር ደጋግመው ያውርዱና ያንሡ። ሲወርድ ድምፁ ከጨመረ ወይም ከቀነሰ የአፈር ማስተካከያውን (ግራውንድ ባላንስ) ይለውጡ፤ ወርዶም ወጥቶም ድምፁ እኩል ሲሆን ተስማምቷል። የአፈሩ ቀለም በተለወጠ ቁጥር ይድገሙት፤ ጠዋት አንዴ አስተካክሎ ቀኑን ሙሉ መሄድ በጣም የተለመደ ስሕተት ነው። ከዚያ የስሜት መጠኑን (ሴንሲቲቪቲ) ወደ ሁለት ሦስተኛ ዝቅ ያድርጉ። እስከ መጨረሻ የተከፈተ መሣሪያ ጥልቅ የሚሰማ ይመስላል እንጂ እንዲህ ባለ አፈር ላይ የራሱን ጩኸት ነው የሚያዳምጠው። መሣሪያው መሬት ሳይነካ፣ አየር ላይ ተይዞም የሚንጫጫ ከሆነ ጥፋቱ የአፈሩ አይደለም። የኤሌክትሪክ መሥመር ወይም በኪስዎ ያለው ስልክ ነው።

ከፍርስራሹ ላይ ትልቁን ኮይል ትተው ከ13 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ትንሽ ኮይል ይሥሩ። ቆርቆሮ የለበሰ ቤት ነበረ ማለት ሚስማር ዘንቦበታል ማለት ነው። ሰፊው ኮይል አምስት ሚስማርና አንድ ሳንቲም በአንድ ጊዜ ስለሚያይ የብረቱ ድምፅ ሳንቲሙን ይሸፍነዋል። ትንሹ ጥልቀት ያጣል፤ ነገር ግን በሁለት ሚስማር መካከል ይገባል። በቀስታ ያወዛውዙ፣ ኮይሉ ከመሬት ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር በላይ አይራቅ፣ እያንዳንዱም ዙር የቀደመውን በግማሽ ይደርበው።

ለወርቅ ፍለጋ ተብሎ የሚሸጠው በፐልስ፣ ማለትም በተቆራረጠ የኤሌክትሪክ ምት፣ የሚሠራው ዓይነት አፈሩን በደንብ ይችላል፤ ብረትን ከብር የመለየት ችሎታው ግን ደካማ ነው። ለቤት ቦታ አይሆንም።

የምጣዱ ጉዳይ ይህ ነው፦ ሰፊና ጠፍጣፋ ብረት፣ ምጣድም ሆነ ቆርቆሮ ወይም ማረሻ፣ እንደ ብር ከፍ ያለ ድምፅ ሊያወጣ ይችላል። ሁለት መፈተኛ አለ። ኮይሉን 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያድርጉት፤ ሳንቲም ድምፁ ቶሎ ይጠፋል፣ ትልቅ ብረት ግን መጮኹን ይቀጥላል። ከዚያ ዞረው ከሌላው ጎን ያወዛውዙ፤ ሳንቲም ከሁለቱም ጎን አንድ ዓይነት ነው፣ ሚስማር በአንዱ ጎን ጥሩ በሌላው የተቆራረጠ ይሆናል። የብረት ድምፅን ሙሉ በሙሉ የሚያጠፋውን ማስተካከያ ግን አይጠቀሙ። የ1923 ዓ.ም. የኒኬል ሳንቲሞች ማግኔት የሚስባቸው ስለሆኑ ከብረት ጋር አብረው ሊጣሉ ይችላሉ። ልጓም፣ እርካብና ቁልፍም ብረት ናቸው፤ ስለ ቤቱ ከሳንቲም የበለጠ ሊናገሩ ይችላሉ።

ጥያቄ፣ ከባቲ፦ ባለፈው ለአጥር ጉድጓድ ስንቆፍር ጠገራ ብር ወጣ። 1780 የሚል አለበት። ቤቱ የዚያ ዘመን ነው ማለት ነው? በአመድ ፈትጌ ላጸዳው ነበር።

መልስ፦ አይፈትጉት። በመጀመሪያ ግን ለጽሕፈት ቤቱ ያሳውቁ፤ የወጣበትን ጉድጓድና ጥልቀቱን ሳይረሱት አሁኑኑ ይጻፉት።

በጠገራው ላይ ምስሏ ያለው የኦስትሪያ ንግሥት ማርያ ትሬዛ የሞተችው በፈረንጅ 1780 ነው፤ ከዚያ በኋላ ገንዘቡ እስከ ሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን ድረስ በተለያዩ አገሮች ያው ዓመት እየተጻፈበት ሲታተም ኖሯል። ስለዚህ ዓመቱ የቤቱን ዕድሜ አይናገርም። የምኒልክ ብር በግዕዝ ቁጥር የተጻፈበት ዓመተ ምሕረትም ያ ዕቃ ከዚያ ዓመት በፊት እዚያ አልወደቀም ከማለት አያልፍም፤ መቼ እንደወደቀ አይወስንም። ትክክለኛ ጠገራ 28 ግራም ያህል ይመዝናል፣ ስፋቱ 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፣ ጠርዙ ላይ የላቲን ፊደል አለበት፣ ማግኔትም አይስበውም።

አመድ፣ አሸዋና የጥርስ ሳሙና የብሩን ፊት ይልጡታል፤ ሎሚ ደግሞ ይበላዋል። በንጹሕ የዝናብ ውሃ ዘፍዝፈው አፈሩ ራሱ ሲለቅ ያውጡት፤ ለስላሳ ጨርቅ ላይ አስቀምጠው በጥላ ያድርቁት። ጥቁረቱ ጉድፍ አይደለም፣ ይተዉት። ከእሱ ጋር መዳብ ወይም ነሐስ ወጥቶ ከሆነ ውሃ አያስነኩት። ነጣ ያለ አረንጓዴ ዱቄት ካበቀለ ውስጡ ያለው ጨው እየበላው ነውና ከሌላው ዕቃ ለይተው፣ ከጫማ ካርቶን ከሚገኙት የእርጥበት መምጠጫ ከረጢቶች ጥቂት ጨምረው በደንብ በሚገጠም ዕቃ ይክደኑት። የዛገ ብረት እንዲሁ ነው፦ ደረቅ ቦታ፣ የተገጠመ ክዳን፤ ዝገቱም አይቀረፍም፣ የዕቃው የቀድሞ መልክ ያለው ብዙ ጊዜ ዝገቱ ውስጥ ነው።

ጥያቄ፣ ከላስታ፦ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ የካህናት ቤት የነበረ ፍርስራሽ አለ። እዚያስ?

መልስ፦ አይሆንም። በቤተ ክርስቲያን ቅጥር፣ በመስጊድ ግቢና በመቃብር ቦታ ዲቴክተር አይያዝም። መሬት ሲናድ ወይም ጎርፍ ሲገልጥ የታየ ነገር ካለ ባለበት ሳይነሣ ለአስተዳዳሪውና ለወረዳው ጽሕፈት ቤት በአንድ ቀን ይነገር።