አረቄ ሲወጣ የመጀመሪያው ለምን ይደፋል?

እህቴ፣ ጥያቄሽ ሁለት ነው። አያትሽ አረቄ ሲያወጡ መጀመሪያ የሚንጠባጠበውን ለምን እንደሚደፉት ጠይቀሻል፤ ደግሞ እሱን መድፋት ዓይን ከሚያጠፋው ሜታኖል፣ ከመርዛማው የአልኮል ዓይነት፣ ያድናል ወይ ብለሻል። እኔ ያደግሁት እናቴ አረቄ እያወጣች ባሳደገችን ቤት ነው። እሳቱ ዳር ብዙ ቁጭ ብያለሁ። የሜታኖሉን ነገር ግን ስላሳሰበኝ በኋላ አንብቤ ነው የተረዳሁት።

መልሱን ላስቀድምልሽ። መድፋቱ ጥሩ ነው፣ ከሜታኖል ያድነኛል ብለሽ ግን እንዳትተማመኚበት።

አልኮል በ78 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፣ ውሃ በ100፤ ደጋ ላይ ሁለቱም ዝቅ ይላሉ። ስለዚህ ድፍድፉ ሲሞቅ የሚወጣው እንፋሎት አልኮል ይበዛበታል። በመቃው አልፎ ውሃ ውስጥ የተቀመጠው መቀበያ ጋ ሲደርስ ይቀዘቅዝና ጠብ ጠብ ይላል። ስኮትላንድ ውስጥ ውስኪ፣ ፈረንሳይ ውስጥ ኮኛክ የሚወጣበት ትልቅ የመዳብ ድስትም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። እነሱ መዳብ የሚመርጡት የድኝ ሽታ ያላቸውን ነገሮች ስለሚይዝላቸው ነው። ሸክላ ያንን አያደርግም።

መጀመሪያ የሚመጣው አፍንጫ ይሰነፍጣል፣ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ይሸታል። አሴታልዴሃይድና ኢታይል አሲቴት የሚባሉት ናቸው፤ ቶሎ ስለሚተኑ ቀድመው ይወጣሉ። ጉሮሮ ያቃጥላሉ፣ ጣዕሙንም ያበላሹታል። አያትሽ የሚደፉት እሱን ነው፣ ልክ ናቸው። ጥሩው መካከለኛው ነው። መጨረሻ ላይ ደግሞ ጉልበቱ ይደክምና እርጥብ እርጥብ የሚል ሽታ ያመጣል፤ እናቴ እሱን ለብቻ አስቀምጣ ከሚቀጥለው ድፍድፍ ጋር መልሳ ታወጣዋለች።

ሜታኖልስ? ብቻውን ሲሆን በ65 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ወጥቶ ያልቃል ይላል። ከውሃና ከአልኮል ጋር ተደባልቆ ሲፈላ ግን እንደዚያ ተለይቶ አይወጣም፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ትንሽ ትንሽ እያለ አብሮ ይመጣል። የሚያድነን ሌላ ነገር ነው። ሜታኖል በብዛት የሚመጣው ከፍራፍሬ ነው፤ ከዳጉሳ፣ ከበቆሎ፣ ከገብስ ድፍድፍ የሚገኘው ጥቂት ነው። ሰው በጅምላ የሚታወርበትና የሚሞትበት ጊዜ፣ አብዛኛውን ጊዜ አንዱ ለትርፍ ብሎ ሜታኖል ያለበት የፋብሪካ አልኮል የቀላቀለበት ነው። ይሄ ያናድደኛል፤ ስንት እናት ልጆቿን ያሳደገችበትን ሥራ ስሙን ያጠፉት እነዚህ ናቸው። ስለዚህ ከማን እንደምትገዢ እወቂ። አቀጣጥሎ ማየትም ጉልበቱን በግምት ይነግርሻል እንጂ ንጽሕናውን አይነግርሽም፣ ሜታኖልም ይነዳል።

አሁን አንቺ ያልጠየቅሽው፣ ለእኔ ግን ዋናው ነገር። እሳቱ። አረቄን የሚያበላሸው በብዛት ችኮላ ነው። እሳቱ ሲበዛ ድፍድፉ ይገነፍልና አረፋው በመቃው አልፎ መቀበያው ውስጥ ይገባል፣ የወጣው ሁሉ ይደፈርሳል። ከታች ያለውም ያራል፤ ያ ሽታ ዳግም ብታወጪውም በቀላሉ አይለቅም። ከሁሉ የከፋው ደግሞ በኃይለኛ እሳት መጀመሪያውና መካከሉ፣ መካከሉና መጨረሻው ተደባልቀው ይወርዳሉ፣ ያኔ ምኑን ከምኑ ለይተሽ ትደፊያለሽ? እናቴ ድፍድፉ እስኪሞቅ በእንጨት ታነዳለች። ከዚያ መቃውን በእጇ እየነካች ሙቀቱ ወደ መቀበያው መጠጋቱን ስታውቅ እንጨቱን ጎተት ታደርግና በፍም ታስኬደዋለች። ጠብታው እንዳይቆራረጥ፣ እንዳይፈስም። ትዕግሥት ይጠይቃል፣ ጭሱም ዓይን ያቃጥላል፣ ግን ሌላ መንገድ የለውም።

መቀበያው የተቀመጠበትን ውሃም ሳይሞቅ ቀይሪ። ቤቱን የአረቄ ሽታ ከሞላው እንፋሎቱ ሳይቀዘቅዝ እያመለጠ ነው ማለት ነው። አረቄሽ ይባክናል፤ አጠገቡ እሳት ስላለ ሊቀጣጠልም ይችላል። መጋጠሚያው ላይ የመረግሽው ጭቃ ወይም ሊጥ ከተሰነጠቀ ቶሎ ድፈኚው፣ መቀበያውንም ከምድጃው አርቂው።

ዳግም ማለት ተራውን፣ አንዴ ብቻ የወጣውን አረቄ፣ መልሶ ማውጣት ነው። ተራው ብዙውን ጊዜ ከ35 እስከ 40 በመቶ ቢሆን ነው፣ ዳግሙ ወደ 45 ይጠጋል። ኮኛክም ሁለቴ ነው የሚወጣው። ሲደገም እሳቱ ከመጀመሪያውም ይበልጥ መቀነስ አለበት፣ ድስቱ ውስጥ ያለው አልኮል በዝቷልና።

አንድ ነገር ልጨምር። አሁን ሸክላውን ትተው በበርሜልና በብረት ቱቦ የሚያወጡ አሉ። ብረቱ ንጹሕ ከሆነ ችግር የለውም። የመኪና ራዲያተር ለማቀዝቀዣ መጠቀም ግን በጭራሽ! ብየዳው ውስጥ እርሳስ ሊኖር ይችላል፤ እየሟሟ አረቄው ውስጥ ይገባል፣ ጣዕሙም አይታወቅሽም። ኬሚካል የነበረበት በርሜልም ቢታጠብ ቢታጠብ ለዚህ አይሆንም።