የፓርክ ኢንተርንሺፕ ከመጀመርህ በፊት ከዜግነትህ ወደ ኋላ ቁጠር

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አነበብኩት። በዲቪ ከመጣህ ሁለት ዓመት እንደሆነህ፣ ዕድሜህ 24 እንደሆነ፣ ከወንዶ ገነት በተፈጥሮ ሀብት የተመረቅክ ብትሆንም አሁን መጋዘን ውስጥ ሌሊት እንደምትሠራ ገልጸህ፣ በብሔራዊ ፓርክ ኢንተርንሺፕ መግባት እዚህ አሜሪካ ወደ መንግሥት ሥራ ያደርስ እንደሆነ ጠይቀሃል። ያደርሳል። የማመልከቻ አሞላሉን ሌሎች ይነግሩሃል፤ እኔ በዚያው መንገድ ስላለፍኩ ዋጋ ያስከፈለኝን ብቻ ልጻፍልህ።

አንደኛ፣ «ዜጋ ካልሆንክ አትልፋ» የሚሉህን አትስማ። አሜሪኮርፕስም (የፌዴራል መንግሥት የሚደግፈው የማኅበረሰብ አገልግሎት ፕሮግራም) ሆነ ፐብሊክ ላንድ ኮርፕስ (ወጣቶች በፓርክና በሌላ የሕዝብ መሬት ላይ የሚያገለግሉበት የፌዴራል ፕሮግራም) ግሪን ካርድ ያለውን ሰው ይቀበላሉ። ዜግነት የሚጠየቀው ከዚያ በኋላ ለሚመጣው የፌዴራል ቅጥር ነው። እኔን የጎዳኝ እነዚህን ሁለት ነገሮች ለይቼ አለማየቴ ነው።

ሁለተኛ፣ ሰዓት ነው። ዕድሜው ከ16 እስከ 30 የሆነ ሰው በሕዝብ መሬት ጥበቃ ላይ ቢያንስ 640 ሰዓት ካገለገለ፣ ከዚህም ውስጥ ቢያንስ 120ው በፐብሊክ ላንድ ኮርፕስ ሥር ከሆነ፣ ከአጠቃላዩ ሕዝብ ጋር ሳይወዳደር ሊቀጠር የሚችልበት የምስክር ወረቀት ያገኛል። 640 ሰዓት ማለት በሳምንት 40 ሰዓት ተሠርቶ 16 ሳምንት ነው። የአሥራ ሁለት ሳምንት የሰመር ኢንተርንሺፕ ግን 480 ሰዓት ብቻ ስለሚሆን፣ ቀሪውን በሌላ ፕሮጀክት ማሟላት ይኖርብሃል። በአሜሪኮርፕስ በኩል ከገባህም የ450 ሰዓቱን የአገልግሎት ውል ትተህ የ675ቱን ወይም የ900ውን ምረጥ፤ ሰዓቱ ለፐብሊክ ላንድ ኮርፕስ የሚቆጠር መሆኑንም ከመፈረምህ በፊት በጽሑፍ ጠይቅ።

ሦስተኛው የምስክር ወረቀቱ ዕድሜ ነው፤ እኔ የተቃጠልኩትም እዚህ ላይ ነው። ወረቀቱ የሚያገለግለው አገልግሎትህን ከፈጸምክበት ቀን አንሥቶ ለሁለት ዓመት ነው። ቀድሞ 120 ቀን ብቻ ነበር፤ በ2019 በወጣ ሕግ ነው የተራዘመው። ይህንን የነገረኝ ሰው አልነበረም።

አሜሪካ የገባሁት በኦገስት 2018 ነው። በኤፕሪል 2021 አንድ የጥበቃ ድርጅት ቀጥሮኝ፣ በምሥራቁ ክፍል ባለ ተራራማ ፓርክ ውስጥ እስከ ሴፕቴምበር ድረስ የእግር መንገድ ስጠግን ቆየሁ። እናቴ ስልክ ደውላ «ዲግሪሽን ይዘሽ ድንጋይ ልትሸከሚ ነው አሜሪካ የሄድሽው?» ብላኝ ነበር፤ እውነትም ድንጋይ ነበር የምሸከመው። ዝናብ መንገዱን ቦርቡሮ እንዳይወስደው በየተወሰነ ርቀት ድንጋይ በሰያፍ እንቀብራለን፣ ውሃውም ድንጋዩን ተከትሎ ወደ ጎን ይወርዳል። የቡድን መሪያችን ይህንን ሊያስረዳን ግማሽ ቀን ሲደክም፣ እኔ ግን አባቴ ማሳው ራስ ላይ የሚያወጣው የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ መሆኑን ወዲያው አወቅኩት። ድንጋዩ አብዛኛው አካሉ መሬት ውስጥ ገብቶ፣ ላዩ ላይ ቆመህ ስትወዛወዝ ንቅንቅ የማይል መሆን አለበት፤ ዋናው ግን መውጫው ነው፤ መውጫው በቅጠልና በደለል ከተዘጋ ውሃው ድንጋዩን ዘሎ ተመልሶ መንገዱን ይይዛል። እኔ የሠራኋቸውን መውጫዎች በሰፊው እከፍት ስለነበር ልጆቹ ይስቁብኝ ነበር። በጁላይ ከባድ ዝናብ በጣለ ማግስት መንገዱን ስንዞር የእኔዎቹ አንዳቸውም አልተደፈኑም፤ መሪያችንም ከዚያን ቀን ጀምሮ አዲስ የሚመጡትን ወደ እኔ ይልክ ነበር። ይህ በዝርዝር ከሲቪህ ላይ ሊጻፍ ይገባል፤ የአገር ቤት የአፈርና ውሃ ጥበቃ ልምድህን አታሳንሰው።

720 ሰዓት ጨርሼ የምስክር ወረቀቱን ስጠይቅ፣ በድርጅቱ ቢሮ የነበረችው ሠራተኛ ከኮምፒውተሯ ቀና ሳትል «ዜጋ አይደለሽም፣ ምን ያደርግልሻል?» አለችኝ። ወረቀቱ በኢሜይል ስጨቀጭቅ ከአምስት ወር በኋላ መጣ፤ ቀኑ ግን የሚቆጠረው ካለቀው አገልግሎት እንጂ ወረቀቱ እጄ ከገባበት ቀን አልነበረም። ለዜግነት አምስት ዓመት የሚሞላኝ በኦገስት 2023 ሲሆን፣ ከ90 ቀን በፊት ማመልከት ስለሚቻል በሜይ አመለከትኩ። ወረቀቴ በሴፕቴምበር 2023 ሞተ፤ መሐላ የፈጸምኩት በዲሴምበር ነው። ሦስት ወር! አገልግሎቱን በአንድ ሰመር አዘግይቼ በ2022 ብሠራው ኖሮ፣ ወረቀቱ ከመሐላዬ በኋላ ዘጠኝ ወር ያህል ይሠራልኝ ነበር። በመጨረሻ በ2024 ጸደይ ሥራ ያገኘሁት ከሁሉ ጋር ተወዳድሬ፣ በ31ኛው ማመልከቻዬ ነው፤ ያውም ጊዜያዊ የወቅት ሥራ።

ስለዚህ አንተ ዘንድሮ አትቸኩል። የመኖሪያ ፈቃድህ አራተኛ ዓመት በሚሞላበት አካባቢ የሚያልቅ አገልግሎት ፈልግ፤ ዕድሜህ ያን ጊዜም ከ30 በታች ነው። እስከዚያው ቅዳሜና እሑድ በፓርኮች የበጎ ፈቃድ ፕሮግራም ሥራ፣ በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሠራህም መዝግብ፤ ዩኤስኤጆብስ በሚባለው የፌዴራል ሥራ ማመልከቻ ድረ ገጽ ላይ ስታመለክት ሰዓቱ ካልተጻፈ ልምድህ አይቆጠርልህም። ፓርክ ሰርቪስን ብቻም አትመልከት፤ የደን አገልግሎቱና የዱር እንስሳት መጠጊያዎቹም ይቀጥራሉ።

ስለ ገንዘብ አንድ ነገር ልጨምር። የአሜሪኮርፕስ አበል ከመጋዘን ደመወዝህ በእጅጉ ያንሳል፤ በኋላ የሚሰጥህ የትምህርት ገንዘብም በተጠቀምክበት ዓመት ግብር ይከፈልበታል። እኔ ይህንን ያወቅኩት ግብር ሳስገባ ነው።

ወንድ ስለሆንክ ደግሞ አንድ ነገር በዚህ ሳምንት አድርግ። ከ18 እስከ 25 ዓመት ያለ ግሪን ካርድ ያለው ወንድ ሁሉ በሴሌክቲቭ ሰርቪስ (ለውትድርና ጥሪ የሚመዘግበው የመንግሥት መሥሪያ ቤት) መመዝገብ አለበት፤ 26 ከሞላህ በኋላ አይመዘግቡህም፣ ሳትመዘገብ ከቀረህም የፌዴራል ቅጥር በር ሊዘጋብህ ይችላል። የመጣህ ጊዜ ተመዝግበህ ከሆነ ማረጋገጫውን አውጥተህ አስቀምጥ። ከዚያ ግሪን ካርድህ ላይ ነዋሪ የሆንክበትን ቀን ተመልከትና ወሩንና ዓመቱን ብቻ ጻፍልኝ፤ የትኛው ሰመር እንደሚሻልህ አብረን እንቆጥራለን።