ውሻና ድመት ይዞ ውጭ አገር መሄድ፦ ጥያቄያችሁን ወዲህ በሉ

ሐኪሙ፦ እንደምን ዋላችሁ። ባሕር ዳር የምሠራ የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ውጭ ለመሄድ የተነሳ ሁሉ ሻንጣው ከታሰረ በኋላ ውሻውን አስከትሎ እየመጣ ስላስቸገረኝ ዛሬ ማታ እዚሁ ልመልስ ብያለሁ። አንድ ነገር ከወዲሁ፦ ትኬት አትቁረጡ። መጀመሪያ ቺፕ፣ ቀጥሎ ክትባት፣ ቀጥሎ ደም። ትኬት የሚቆረጠው የደሙ ውጤት ከመጣ በኋላ ነው።

የማርቆሷ፦ ሰላም ዶክተር። ባለቤቴ ጀርመን ነው፣ የእኔም ቪዛ ወጥቶልኝ ከ6 ሳምንት በኋላ በራሪ ነኝ። ቦቢ 2 ዓመቱ ነው፣ የእብድ ውሻ ክትባት በየዓመቱ ተከትቧል። ምን ይቀረኛል?

ሐኪሙ፦ እንኳን ደስ ያለሽ እህቴ፣ ግን 6 ሳምንት ለቦቢ አይበቃውም። ስለ ቺፕ ምንም ስላላልሽ የለውም ብዬ ልነሳ። ቺፕ ማለት የሩዝ ፍሬ የምታህል ነገር ናት። በወፍራም መርፌ ትከሻው መሀል ከቆዳው ሥር ትገባለች፣ ማንበቢያው ሲያልፍባት 15 አሃዝ ያለው ቁጥር ታወጣለች። የአውሮፓ ሕግ ቺፑ ከክትባቱ በፊት ወይም በዚያው ቀን መግባት አለበት ይላል። ቦቢ እስከ ዛሬ የተወጋው ሁሉ ለጤናው ጠቅሞታል፣ ለወረቀቱ ግን አይቆጠርም። ያ መርፌ ቦቢን ይውጋ የጎረቤትን ውሻ ማን ያውቃል?

ስለዚህ ቺፕ ታስገቢያለሽ፣ እንደገና ታስከትቢዋለሽ፣ 30 ቀን ትጠብቂያለሽ፣ ከዚያ ደም ይቀዳል። የሚመረመረው ክትባቱ መሥራቱ ነው። ደሙ እንዳለ አይላክም፣ ሴረሙ (ከደሙ ላይ የሚጠለለው ጥርት ያለ ፈሳሽ) ተለይቶ በበረዶ ታሽጎ የአውሮፓ ኅብረት ወደተቀበለው ላቦራቶሪ ይሄዳል። ውጤቱ በሚሊ ሊትር 0.5 ዓለም አቀፍ ዩኒትና ከዚያ በላይ መሆን አለበት። ካለፈ ደሙ ከተቀዳበት ቀን ጀምሮ 3 ወር መጠበቅ ነው። ውጤቱ ከመጣበት ቀን አይደለም፣ ከተቀዳበት ነው፣ እዚህ ላይ የማይሳሳት የለም። ድምሩ 4 ወር ያልፋል።

አንቺ ሂጂ፣ ቦቢ እናትሽ ዘንድ ይቆይ። ብቻውን ይላክልኝ ግን አትበይ። የእሱና የአንቺ ጉዞ ከ5 ቀን በላይ ከተራራቀ እንደ ንግድ እንስሳ ይቆጠርና ሌላ ጣጣ ውስጥ ትገቢያለሽ። ጊዜው ሲደርስ ዕረፍት ወስደሽ መጥተሽ ውሰጂው።

ዓባይ ማዶ፦ ወይ ጉድ! ሰው ቪዛ አጥቶ በረሃ ያቋርጣል፣ እናንተ ለውሻ ደም ታስመረምራላችሁ?

ጣና ዳር፦ በገንዘቧ ነው። አንተ ለፋሲካ በግ ስትገዛ ማን ጠየቀህ?

ዓባይ ማዶ፦ በጉን እኮ በላሁት!

ሐኪሙ፦ ወደ ጥያቄው። ይህን ሌላ ቦታ ጨርሱት።

ከፍኖተ ሰላም፦ ዲቪ ደርሶን ወደ አሜሪካ ልንሄድ ነው። የውሻችን የክትባት ካርድ በአማርኛ ነው የተጻፈው፣ ቀኑም በእኛው አቆጣጠር። ችግር አለው?

ሐኪሙ፦ ጎሽ፣ ይህን የሚጠይቅ ሰው ስጠብቅ ነበር። ብዙ ውሻ የሚቀረው በበሽታ አይደለም፣ በቀን ነው። ካርዱ ላይ «5/5/2017» ተጽፏል እንበል። ለእኛ ጥር 5 ቀን ነው፣ በፈረንጅ ጃንዋሪ 13 ቀን 2025። ያ ዋሽንግተን ያለው ሰውዬ ግን ሜይ 5 ቀን 2017 ብሎ ያነበዋል። ውሻህ የተወለደው በእኛ 2016 ከሆነ ሳይወለድ ተከተበ ማለት ነው! በዚህ የተነሳ የተጭበረበረ ወረቀት ነው ብለው ቢጠረጥሩ አልፈርድባቸውም። ስለዚህ ካርዱ በእንግሊዝኛ ይጻፍ፣ ቀኑ በፈረንጅ ይሁን፣ ወሩ በቁጥር ሳይሆን በስም ይጻፍ። የክትባቱ ስም፣ የምርት ቁጥሩና የቺፑ 15 አሃዝም አብረው ይኑሩ። አንዳንድ ሐኪም ከጠርሙሱ ላይ ተለጣፊዋን ልጦ ካርዱ ላይ ይለጥፋታል፣ ተባረክ በሉት። በደም ናሙናው ቅጽ ላይም ያው የቺፑ ቁጥር ይሁን፣ አንድ አሃዝ ከተዛባች ድካማችሁ ገደል ገባ።

አሜሪካን በተመለከተ፦ ኢትዮጵያ የውሻ እብደት በሽታ በብዛት ካለባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ናት። ከኦገስት 2024 ጀምሮ ውሻው ቢያንስ 6 ወር የሞላው፣ ቺፕ ያለው፣ የክትባት ማረጋገጫው በመንግሥት ሐኪም የጸደቀ መሆን አለበት። የመግቢያ ቅጹን ኦንላይን ትሞላለህ። ሲደርስ የሚመረመርበት፣ በእነሱ የተመዘገበ የእንስሳት ማቆያ ውስጥ አስቀድመህ ቦታ ታስይዛለህ። ማቆያ ያላቸው ኤርፖርቶች ጥቂት ናቸው፣ የዋሽንግተኑ ደለስ አንዱ ነው። የደም ውጤት ከሌለው ማቆያው ውስጥ 28 ቀን በራስህ ወጪ ይቀመጣል።

ጣና ዳር፦ ድመትስ?

ሐኪሙ፦ ለአሜሪካ ድመት ይህ ሁሉ የለባትም። የምትገባበት ግዛት የሚጠይቀውን ብቻ እይ። ለአውሮፓ ግን ከውሻ እኩል ናት።

ቡሬ፦ ቺፕ ግዴታ ነው ወይ?

ሐኪሙ፦ ከላይ አንብብ።

የሰከላው፦ ስንት ብር ያስወጣል በጠቅላላ?

ሐኪሙ፦ ምኑ? ወዴት? ስንት ኪሎ ውሻ? ሳጥኑ ብቻ እንኳ እንደ ውሻው ቁመት ይለያያል። እንዲህ አድርጋችሁ አትጠይቁኝ።

ዳንግላ፦ ዶክተር፣ አንዲት ጦጣ አሳድገናል፣ ካናዳ ልጄ ጋ ልወስዳት ነበር።

ሐኪሙ፦ የዱር እንስሳ ናት። አይሆንም። ቀጥሎ።

አያ ጎበዜ፦ እንግሊዝስ?

ሐኪሙ፦ እንደ አውሮፓው ነው፣ 3 ወሩም አለ። ተጨማሪው፣ ውሻ ከመግባቱ በፊት ከ24 እስከ 120 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ በሐኪም እጅ የኮሶ ትል መድኃኒት ይሰጠዋል። በአውሮፕላን የሚገባው በካርጎ ነው፣ ጉያህ ውስጥ አይደለም።

አያ ጎበዜ፦ ኮሶ ካሉማ ያው የእኛው ኮሶ አይበቃም?

ሐኪሙ፦ አይበቃም። ፕራዚኳንቴል ነው።

ዓባይ ማዶ፦ እንግዲህ ኮሶ ከተነሳ፣ አውሮፕላን ላይ እንዳይጮህ ትንሽ አረቄ ቢቀምስስ? 😄

ሐኪሙ፦ ቀልድህ ይሁን፣ ግን የምሩን የሚያደርገው ሰው አለ። አረቄም፣ የእንቅልፍ ኪኒንም፣ ማደንዘዣም አይሰጥም። የደም ግፊቱ ይወርዳል፣ ሚዛኑን ይስታል፣ እታች ሲታመም ደግሞ ደርሶ የሚያየው የለም። የደነዘዘ እንስሳ ካዩ ብዙ አየር መንገዶች አይጭኑም። አፍንጫቸው የተደፈጠጠ እንደ ፐግና ቡልዶግ ያሉት ሳይደነዝዙም መተንፈስ ይቸግራቸዋል፣ ለእነሱ አየር መንገዱን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

እማማ ሸዋ፦ ልጄ፣ ይህ ሁሉ ስለ እብድ ውሻ መርፌ ለምን ነው? የእኛ አገር ሰው በጸበል ይድን የለ?

ሐኪሙ፦ እማማ፣ ጸበሉን ማንም አይከለክልዎትም። ነገር ግን የነከሰው ውሻ ያበደ ከሆነና ሰውየው ውኃ መፍራት ከጀመረ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም፣ እዚህም ፈረንጅ አገርም። መዳኛው ከዚያ በፊት ነው። ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ ማጠብ፣ ሳያድሩ ጤና ጣቢያ ሄዶ መከተብ፣ ከዚያ ጸበሉም ይቀጥል። ቅጠል ነስንሶ ማሰር፣ መተኮስ፣ «ትንሽ ጭረት ናት» ብሎ ዝም ማለት ነው የሚገድለው። እነዚያ አገሮች የሚያስጨንቁን ብዙዎቹ በሽታውን ከውሾቻቸው ስላጠፉ ነው። አንድ የታመመ ቡችላ ቢገባባቸው የነካውን ሰው ሁሉ እየፈለጉ ሊከትቡ ነው። እኔ ብሆንም እንደነሱ አደርግ ነበር።

እማማ ሸዋ፦ እሺ ልጄ፣ የቄሱንም ውሻ አስከትባለሁ።

ጣና ዳር፦ የቄሱ ውሻ ነው መጀመሪያ መከተብ ያለበት፣ ማንን ያስቀረዋል! 😂

የማርቆሷ፦ ዶክተር፣ እንደገና እኔ ነኝ። በኋላ መጥቼ ስወስደው ከማርቆስ አዲስ አበባ በመኪና ነው። የጤና ወረቀቱን መቼ ላውጣ? ሳጥኑስ?

ሐኪሙ፦ ለአውሮፓ ወረቀቱ ከወጣበት ቀን ጀምሮ 10 ቀን ነው የሚያገለግለው። ስለዚህ መጀመሪያ ቦቢን አዲስ አበባ አድርሺው፣ ወረቀቱ እዚያ ይውጣ። መንገድ የሚያመጣውን አታውቂም፣ 10ሩ ቀን ደጀን ላይ እንዳያልቅብሽ። የዓመት ክትባቱን ደግሞ አንድ ቀን እንዳታሳልፊ፣ ካለፈ ደሙ እንደገና ይቀዳል።

በጉዞው ቀን ጠዋት ምግብ አትስጪው፣ ዓባይ በረሃ ጠመዝማዛው ላይ ያስመልሰዋል። ድልድዩ ጋ ሙቀቱ ያይላል፣ መስኮት ዘግተሽ መኪና ውስጥ ትተሽው እንዳትወርጂ። ጎሐ ጽዮን ስትወጡ ነፋሻ ነው፣ እዚያ ውኃ አጠጪው።

ሳጥኑ ውስጥ ሳይጎነበስ መቆም፣ መዞር፣ ተዘርግቶ መተኛት አለበት። ገና ከአሁኑ ገዝታችሁ በሩን ክፈቱና ቤት ውስጥ አስቀምጡት፣ እናትሽ ምግቡን እዚያው ትስጠው፣ መኝታው ነው ብሎ ይልመድ። ሳይለምደው የበረራው ዕለት መጀመሪያ ከገባበት ሌሊቱን ሲጮህ ነው የሚያድረው። በሩ ላይ የምትንጠለጠለዋን የውኃ ጣሳ ማታውን ሞልተሽ ፍሪዘር ውስጥ አስገቢያት። በረዶ ሆና ስለምትጫን ሲያወጡ ሲያወርዱት አይፈስም፣ አየር ላይ ቀስ እያለ ይቀልጥለታል። ከሥሩ ያንቺን ያልታጠበ ነጠላ አንጥፊለት።

ቡሬ፦ ዶክተር ቺፑ ግን የት ነው የሚገባው?

ሐኪሙ፦ ትከሻው መሀል!! ከላይ አለ። አሁን ቻው፣ የምትወልድ ላም አለች ብለው በር ላይ ቆመዋል።