ቪትዝ አባይ በረሃን ትችላለች ወይ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰንብተዋል? ልጆቼ ጥር መጨረሻ የሴሚስተር ዕረፍት አላቸው። እነሱንና እናቴን ይዤ ከአዲስ አበባ በጎጃም አድርጌ ባህር ዳር ልሄድ አስቤያለሁ። ባለቤቴ «በአውሮፕላን ሂዱ፣ ምን አለፋሽ» ይለኛል። እኔ ግን ተራራውን፣ አውሬውን፣ የጥንቱን ነገር እያዩ ቢሄዱ ደስ ይለኛል። መኪናዬ ቪትዝ ናት። አባይ በረሃን ትችላለች? የትስ ብንቆም ጥሩ ነው?
የሁለት ልጆች እናት

መልስ፦ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እህት ዓለም። ባለቤትሽ ለድካምሽ አስቦ ነው፣ አልፈርድበትም። ግን አውሮፕላን ላይ ጭላዳ የለም።

ከሁሉ በፊት ግን መናኸሪያ ሄደሽ ሾፌሮችን ጠይቂ። ከጎጃም በዋዜማው የገባ ሾፌር መንገዱ ሰላም ይሁን አይሁን ከማንም በላይ ያውቃል። «ቆዩ» ካሉሽ ቅሪ። ተራራው የትም አይሄድም። አባይ ማደሪያ የለውም ቢባልም፣ እሱም እዚያው ነው።

ቪትዟ ትችላለች። የማይችለው ሾፌር ነው። እኔ በ19 ዓመቴ የአይሱዙ ረዳት ነበርኩ። አንድ ቀን ሾፌራችን ከጎሐ ጽዮን ጀምሮ ፍሬን እየረገጠ ቁልቁል ወረደ። ግማሽ ላይ ስንደርስ የሚቃጠል ነገር ሸተተን። ቀጥሎ ፍሬኑ ሲረገጥ እንደ ስፖንጅ ሰመጠ። ደግነቱ በተራራው በኩል ነበርን፤ ጎኗን ከአፋፉ ጋር እያፋተገ አቆማት። እኔ ታኮ ይዤ ዘለልኩ። ጎማው ሥር ስከት እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ፍሬኑ እስኪቀዘቅዝ ሦስት ሰዓት ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። ሾፌሩ አንድም ቃል አልተነፈሰም።

ስለዚህ ከአፋፉ ሳትወርጂ ማርሹን ዝቅ አድርጊ። መኪናዋን ሞተሯ ይያዛት፣ ፍሬኑን ቆንጠር እያደረግሽ ልቀቂው። እስከ ድልድዩ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው። ላይ ሹራብ የለበሱ ልጆችሽ ታች ሲደርሱ ከከነቴራ ውጪ አይፈልጉም። ወደ ደጀን ስትወጪ ኤሲውን አጥፊና የሙቀት መለኪያውን እያየሽ ሂጂ። ከጋለች ቁሚ፤ ራዲያተሩን ግን በጋለበት እንዳትከፍቺ!

ስትቆሚ ለልጆቹ ገደሉን አሳዪያቸው። ከላይ ጥቁር ድንጋይ አለ፤ ከሥሩ የኖራ ድንጋይና ጂፕሰም፣ ታች ደግሞ ቀላ ያለ የአሸዋ ድንጋይ። የኖራው ድንጋይ ባህር ውስጥ የተጋገረ ነው። አዎ፣ ያ ሁሉ አገር በጥንቱ ዘመን ባህር ነበር። ታች ያለው አዲሱ ድልድይ በጃፓን መንግሥት እርዳታ የተሠራ ነው። አሮጌው አጠገቡ አለ። ጥበቃዎቹን ሳትጠይቂ ካሜራ እንዳታወጪ።

ጭላዳን በረሃው ውስጥ አትፈልጊው። አስፋልት ዳር ቁጭ ብሎ ሙዝ የሚጠብቀው ተራ ዝንጀሮ ነው፤ አትስጡት፣ ነገ መኪና ውስጥ ይገባል። ጭላዳ የደጋ ነው። ሌሊት ገደል ላይ ያድርና ጠዋት ሳር ሊበላ ይወጣል። ጎጃም ሳትገቢ፣ ደብረ ሊባኖስ ገደሉ አፍ ላይ ታገኚዋለሽ። በማለዳ ድረሱ። በቂጡ ቁጭ ብሎ በሁለት እጁ ሳሩን እየነጨ ወደ አፉ ይልካል፤ ሩዝ የምትለቅም ሴት ነው የሚመስለው። በዙሪያው ያለው ሲያልቅ አይነሳም፣ እንደተቀመጠ ይንፏቀቃል። ደረቱ ላይ ፀጉር የሌለው ቀይ ቆዳ አለ። ከኢትዮጵያ ደጋ ውጪ በዱር የትም አይገኝም።

እደሩ ደብረ ማርቆስ። በአንድ ቀን ባህር ዳር እገባለሁ ብለሽ እናትሽን አታሰቃዪ። ከተማዋ ድሮ መንቆረር ነበረች፤ ስሟን ያገኘችው ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ካሠሩት የማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ነው። እሳቸው በ1873 የጎጃም ንጉሥ ተብለው ዘውድ የጫኑት ናቸው፤ ሐውልታቸውም አደባባዩ ላይ ቆሟል። የቾቄን ተራራ በዚያች መኪና አትሞክሪው። ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ ጅባራ የሚባለው ተክል ሰው አክሎ የሚቆምበት ብርድ ነው። ከአስፋልቱ በስተቀኝ እያያችሁት እለፉ። የምትሻገሯቸው ጨሞጋና ተምጫ ከእሱ ወርደው ያያችሁት አባይ ውስጥ የሚገቡ ናቸው።

አዊ ዞን ስትገቢ ዲከረንስ የሚባለው ዛፍ ይጀምራል። ገበሬው ማሳው ላይ ተክሎት በጥቂት ዓመት ቆርጦ ከሰል ያደርገዋል፤ ጆንያው መንገድ ዳር ተደርድሮ ታያለሽ። ለዓይን አያምርም፣ ግን የስንቱን ቤት ቆርቆሮ አልብሷል። እንጅባራ አጠገብ ዘንገና ሐይቅ አለ። እሳተ ገሞራ ትቶት የሄደ ክብ ጉድጓድ ነው፣ በደን ተከቧል፣ ጦጣም አይጠፋም። እናትሽ ከመኪናው ብዙ ሳትርቅ ታየዋለች። ዕረፍታችሁ ጥር 23ን የሚነካ ከሆነ ደግሞ ሌላውን ሁሉ ሰርዢ፤ በጊዮርጊስ ዕለት የአገው ፈረሰኞች እንጅባራ ላይ በጌጠኛ ፈረስ ሜዳውን ሲሞሉት ነው።

ጭስ ዓባይን በበጋ አልመክርሽም። ውሃው አብዛኛው ለመብራት ስለሚጠለፍ ፏፏቴው ይሳሳል። ለሱ ነሐሴ ወይ መስከረም ተመለሱ። ይልቅ በማለዳ ጀልባ ያዙና አባይ ከጣና ወደሚወጣበት ሂዱ፤ ጉማሬ እዚያ ነው። ጀልበኛው ይጠጋ ካላችሁት ይጠጋል። አትበሉት።

ከዚያ ወደ ጎንደር መውጫ በ2016 የተመረቀው ትልቁ ድልድይ ላይ በእግር ውሰጃቸው። ታች የሚፈሰው ደጀን ሥር የተሻገራችሁት ወንዝ ነው። ከዚህ ይነሳና ቾቄን ዞሮ፣ ጎጃምን እንደ መቀነት አቅፎ ይወርዳል። ካርታ ላይ በጣታቸው ይከተሉት።

ለእናትሽ ደግሞ ጋቢ እንዳትረሺ። እንጅባራ ላይ ትጠይቅሻለች።