ከመድፉ ወደ ታች ውረዱ

ሰሞኑን አንድ ባሕር ዳር የመርከብ ምህንድስና የተማረ ልጅ «ጋሼ፣ መርከብ ላይ እስክመደብ ምን ልሥራ?» ብሎ ጻፈልኝ። እንግሊዝኛህን አሻሽል፣ ሲቪህን አስተካክል የሚሉህ ሞልተዋል። እኔን ጥያቄው የድሮ ቁጭቴን ቀሰቀሰብኝ።

ለንደን ውስጥ፣ ታወር ብሪጅ አጠገብ ኤችኤምኤስ ቤልፋስት የምትባል የጦር መርከብ ቆማለች። በ1938 (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) ውሃ ላይ የወረደች፣ ከ1971 ጀምሮ ለጎብኚ የተከፈተች። ያየኋት ጡረታ ልወጣ ስል ነው። ከላይ መድፎቹ ጋ ሰልፉ ሁሉ ለሰልፊ ነበር። የዛሬ ልጆች መድፍ ይወዳሉ፤ ወደ ታች የሚወርድ ግን አልነበረም።

እኔ ወረድኩ። ደረጃው ቀጥ ያለ የብረት መሰላል ነው፤ ጉልበቴ እስካሁን ያስታውሰዋል። ቦይለሮቹ (መርከቧን የሚያንቀሳቅሰውን እንፋሎት የሚያፈሉት ምድጃዎች) ጋ ለመግባት ሁለት በር ያላት ጠባብ ክፍል ታልፋለህ። እሳቱ በደንብ እንዲነድ ክፍሉ ውስጥ አየር በማራገቢያ ይታመቅ ነበር። አንዱን በር ሳትዘጋ ሌላውን ከከፈትክ የታመቀው አየር ያመልጣል፤ ነበልባሉ ከምድጃው ወጥቶ ሠራተኛው ላይ ይመጣል። እኛ ሥራ ስንጀምር ትምህርቱ «እንዳትነካ!» ነበር። ለምን ብሎ የጠየቀ አፈኛ ይባላል። እዚያች ክፍል ቆሜ፣ ይሄን በሃያ ዓመቴ ባየሁት ኖሮ ብዬ አንጀቴ አረረ።

በኅዳር 1939 ይቺው መርከብ ከሥሯ ማግኔታዊ ፈንጂ (የመርከብ ብረት ሲቀርበው የሚፈነዳ) ፈንድቶባት ነበር። ቀፎዋ ላይ የተበሳው ቀዳዳ ትንሽ ነው። ንዝረቱ ግን የታችኛውን አከርካሪዋን ሰበረ፣ ማሽኖቿን ከቦታቸው አናጋ፣ የብዙ መርከበኞችን አጥንት ሰባበረ። ጥገናው ሦስት ዓመት ገደማ ፈጀ። ቀለም አይቶ «ደህና ናት» ለሚል ኢንስፔክተር ሁሉ ይሄን ባስነበብኩት!

ኮሪያም ዘምታለች። የሰፈራችን የቃኘው ዘማች ትዝ አለኝ። ከጅቡቲ በመርከብ ነበር የሄዱት፤ ስለ ጦርነቱ ስንጠይቀው ባሕሩ ላይ እንዴት እንዳስመለሰው ነበር የሚያወራን።

ስልካችሁን ኪሳችሁ ክተቱ እላለሁ። የዚያችን የቦይለር ክፍል በር ፎቶ ግን እኔም አንስቻለሁ፤ አሁንም አወጣና አየዋለሁ።

ለንደን ይቅርና ጅቡቲም ሩቅ ነው ትለኝ ይሆናል። ጣና ደጅህ ነው። ከባሕር ዳር የሚነሱት ጀልባዎች ሞተር አላቸው፣ ሜካኒክ አላቸው። ቅዳሜ ጠዋት ሂድና ሻይ ጋብዘው። ሞተሩን ሲፈታ አጠገቡ ቁም፤ መፍቻ አቀብለው። ቱታ መልበስህን እንዳትረሳ።