ብጣሽ ጨርቅን በዕለት ኑሮ መካከል መስፋት፦ ጥያቄና መልስ ከጅማ

ጅማ ከተማ ውስጥ፣ ከመርካቶ ብዙ በማይርቅ ቤት፣ ልብስ በመስፋት መተዳደር ከጀመርኩ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። በስፌት ማኅበራችን ውስጥ ስለ ብጣሽ ጨርቅ ጥያቄ ያለው ሰው ወደ እኔ መምጣት ስለ ለመደ፣ አባላትና ጎረቤቶች ሰሞኑን ያቀረቡልኝን ጥያቄዎች ሰብስቤ እዚህ በጽሑፍ መልሻለሁ። አብዛኞቹ ጠያቂዎች ቤት የሚያስተዳድሩ፣ ልጅ የሚያሳድጉ ወይም ውጭ ሥራ ውለው የሚገቡ በመሆናቸው፣ መልሱን የጻፍኩት ለስፌት የተለየ ክፍልም ሆነ የተለየ ሰዓት የሌለውን ሰው እያሰብኩ ነው።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ሁለት ማዳበሪያ ሙሉ ብጣሽ ጨርቅ አጠራቅሜአለሁ። ልሰፋ ስነሳ ግን ጊዜዬ በመምረጥ ያልቃል። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ እህቴ፣ ያስቸገረሽ የጨርቁ ብዛት አይደለም፤ ሳይለይ መከማቸቱ ነው። ወጡ እስኪበስል ሩብ ሰዓት ያገኘች ሴት ማዳበሪያ ዘርግፋ መምረጥ ከጀመረች፣ መርፌ ሳታነሣ ሩብ ሰዓቷ ያልቃል። ስለዚህ መለየቱና መቁረጡ ከመስፋቱ ተነጥሎ፣ ለብቻው በተመደበ አንድ ከሰዓት በኋላ አስቀድሞ መሠራት አለበት። እኔ በዚህ ሥራ ውስጥ ከሁሉ አስበልጬ የማምንበት ነገር ይህ ነው፤ ብጣሽ ጨርቅ የሚያልቀው ሰፊዋ ብዙ ጊዜ ስላላት ሳይሆን፣ ጥቂት ጊዜ ባገኘች ሰዓት የተዘጋጀ ነገር ስለሚጠብቃት ነው።

ስትለዪ በቀለም አትጀምሪ። ቀለሙ ዓይን ስለሚስብ ሁላችንም እንደዚያ እናደርጋለን፤ ነገር ግን ጨርቅን ከጨርቅ የሚያጣላው ቀለሙ ሳይሆን ባሕርዩ ነው። መጀመሪያ እንደ አቡጀዲ፣ አንሶላና የሸሚዝ ጨርቅ ያለውን ጥጥ በአንድ ወገን፣ ሰው ሠራሹን በሌላ ወገን፣ እንደ ካናቴራ የሚለጠጠውን ለብቻ፣ ጂንስና ካኪን ደግሞ ለብቻ አስቀምጪ። ቀጥሎ እያንዳንዱን ክምር በመጠን ክፈዪ። ከጫማ ካርቶን 12 በ12 ሴንቲ ሜትር የሆነ ልክ ቁረጪ፤ ይህ ልክ የሚያርፍበት ጨርቅ ሁሉ በሳሙና ቁራጭ ተሰምሮ አራት ማዕዘን ሆኖ ይቆረጥ። ልኩ የማያርፍበት ግን ረዘም ያለው ከ3 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው መቀነት ይቆረጥ፤ እርሱ ተጎንጉኖ፣ ጉንጉኑም ክብ እየተጠቀለለና እየተሰፋ የእግር መጥረጊያ ምንጣፍ ይወጣዋል። ከዚያ ያነሰው ለመሙያ ይሆናል።

ስትቆርጪ ካርቶኑን ከጨርቁ ድርና ማግ ጋር አስተካክለሽ አሳርፊው። በሰያፍ የተቆረጠ ጨርቅ ስለሚለጠጥ፣ አራት ማዕዘን መስሎ ተቆርጦ ሲሰፋ ይጣመማል። የሰያፉ መለጠጥ የሚጠቅመው ክብ ነገር ላይ ጠርዝ ለመክፈፍ ሲሆን ነው።

ጥያቄ፦ ጥጡን ከሰው ሠራሹ በመንካት መለየት አቃተኝ። ሌላ መንገድ አለ?

መልስ፦ አለ። ከጨርቁ ጠርዝ ሁለት ሦስት ክር መዝዘው፣ በብረት መቆንጠጫ ይዘው፣ ከሥሩ ውኃ ያለበት ሳሕን አስቀምጠው በክብሪት ይለኩሱት። ጥጥ ከሆነ ቶሎ ይያያዝና የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል፤ አመዱም በጣት ሲነካ ይበናል። ሱፍ ከሆነ የተቃጠለ ጠጉር ይሸታል፤ ከእሳቱ ሲርቅም ብዙውን ጊዜ ራሱ ይጠፋል። ሰው ሠራሽ የሆነው ፖሊስተር ከእሳቱ ይሸሻል፣ ይቀልጣል፣ ሲቀዘቅዝም እንደ ትንሽ ዶቃ ይጠጥራል። የጥጡም የፖሊስተሩም ምልክት ከታየ ቅልቅል ነውና ከሰው ሠራሹ ጋር ይመድቡት። ይህ ፈተና የድስት መያዣ ለሚሰፋ ሰው ግዴታ ነው፤ ፖሊስተር የገባበት መያዣ በጋለ ድስት ላይ ቀልጦ እጅ ላይ ሊጣበቅ ይችላል። የድስት መያዣ ሙሉ በሙሉ ጥጥ ሆኖ፣ በመካከሉ የጂንስ ወይም የአሮጌ ፎጣ ድርብ ሊኖረው ይገባል።

ጥያቄ፦ የሰፋሁት የትራስ ልብስ ከመጀመሪያው እጥበት በኋላ ተጨማደደ። ክሩ ነው ወይስ የስፌት መኪናዬ?

መልስ፦ ሁለቱም ላይሆን ይችላል። ያልታጠበ አዲስ ጥጥ በመጀመሪያው እጥበት ብዙውን ጊዜ በመቶ ከ3 እስከ 5 ያህል ይሰበሰባል፤ ይህም በአንድ ሜትር ላይ ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። ከጎኑ የተሰፋው ቀድሞ የታጠበ ጨርቅ ግን ባለበት ይቆያል። አንዱ ሲያጥር ሌላው ሳያጥር ሲቀር ስፌቱ ይሸበሸባል።

ይህን የተማርኩት በገዛ እጄ ሥራ ነው። ለእህቴ ልጅ ሠርግ የአልጋ ልብስ ስሰፋ፣ ከአሮጌ ሸሚዞች ያገኘሁትን ጨርቅ ከአዲስ አቡጀዲና ከአንድ ቀይ ብጣሽ ጋር አቀላቀልኩ። ሥራው አምሮ ወጣ፤ ሁሉም ወደደው። ሙሽራዋ ከወር በኋላ አጥባ ስታመጣልኝ ግን አቡጀዲው ተሰብስቦ በየስፌቱ ትናንሽ ሸንተረሮች ሠርተዋል፣ ቀዩም ቀለሙን ለቅቆ በዙሪያው ያለውን ነጭ ሁሉ ሮዝ አድርጎታል። ዘጠኝ ቁራጭ ፈትቼ መለወጥ ነበረብኝ፤ የተቀረው እስከ ዛሬ እንደ ሆነ ነው። ከዚያ ወዲህ ያልታጠበ ብጣሽ ከታጠበው ጋር ፈጽሞ አላገናኝም።

ብጣሽ ሲታጠብ እርስ በርሱ እንዳይተበተብ በአሮጌ ትራስ ልብስ ውስጥ ከትተው አፉን ይቋጥሩት፤ ጥጡን ትኩስ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፈው ያሳድሩት። ቀይ፣ ጥቁርና ጥቁር ሰማያዊ የሆነውን ለየብቻው አርጥበው በነጭ ጨርቅ ላይ ይጫኑት። በነጩ ላይ ምልክት ከተወ፣ መልቀቁን እስኪያቆም ድረስ ደጋግመው ይጠቡት፤ ካላቆመ ከነጭ ጋር አይስፉት።

ጥያቄ፦ ለአንድ አልጋ ልብስ ስንት ቁራጭ ያስፈልጋል? ሥራ ውዬ ማታ የምገባ ሰው ሆኜ ልጨርሰው እችላለሁ?

መልስ፦ 12 ሴንቲ ሜትር ሆኖ የተቆረጠው ቁራጭ በየጎኑ 1 ሴንቲ ሜትር ለስፌት ሲገባበት 10 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ስለዚህ ስፋቱ 150፣ ርዝመቱ 200 ሴንቲ ሜትር ለሆነ አልጋ ልብስ በወርዱ 15፣ በቁመቱ 20፣ በጠቅላላው 300 ቁራጭ ያስፈልጋል። በቀን አራት ቁራጭ ብቻ የሚያያይዝ ሰው በ75 ቀን ይጨርሰዋል፤ አራት ቁራጭ ማያያዝ ደግሞ በእጅ መርፌ እንኳ ከአቦል እስከ በረካ ባለው ጊዜ ውስጥ የሚያልቅ ሥራ ነው። ጀበናው ከሰል ላይ ሆኖ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ ጨዋታ በሚያዝበት ሰዓት እጅ ሥራ ፈት ሆኖ ይቀመጣልና፣ እኔ አብዛኛውን ሥራዬን የሠራሁት በዚያን ጊዜ ነው።

በመኪና ለምትሰፉ አንድ ነገር ልጨምር። ሁለት ሁለቱን ቁራጭ ፊት ለፊት አጋጥማችሁ ደርድሩና፣ አንዱ ጥንድ ከመርፌው ሥር ሲወጣ ክሩን ሳትቆርጡ ቀጣዩን አስከትሉ። ጥንዶቹ እንደ መቁጠሪያ ተያይዘው ይወጣሉ፤ በመጨረሻ በመካከላቸው ያለውን ክር በመቀስ መለያየት ነው። በየጥንዱ ክር ከመሳብና ከመበጠስ ስለሚያድን ክርም ጊዜም ይቆጥባል። የስፌቱ ርዝመት ከ2 እስከ 2.5 ሚሊ ሜትር ይሁን። ለጥጥ 80 ቁጥር መርፌ ይበቃል፤ ለጂንስ 90 ወይም 100 ካልሆነ መርፌው ሊሰበር ይችላል።

ጥያቄ፦ መብራት ሲጠፋ ስፌቱን እንዴት ልተኩስ?

መልስ፦ የከሰል ካውያ ካለሽ አመዱን አራግፈሽ፣ በላዩ ነጭ እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርገሽ ተኩሺ። ከሌለሽም ስፌቱን በጠንካራ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተሽ በማንኪያ ጀርባ ጠበቅ አድርገሽ እሺው፤ ለጥጥ ጨርቅ ይህ ይበቃል። የስፌቱን ትርፍ ጠርዝ ሁልጊዜ ወደ ጠቆረው ጨርቅ በኩል አጥፊው፤ ወደ ነጩ ከዞረ በፊት ለፊት በኩል ጥላው ይታያል።

ጥያቄ፦ በማዳበሪያ ያስቀመጥኩት ጨርቅ ሻገተ፤ ገሚሱንም ብል በላው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ በእኛ ከተማ ትልቁ የጨርቅ ጠላት እርጥበት ነው። ዝናቡ ረጅም ወራት ስለሚቆይ፣ ደረቀ ብለን የምናስቀምጠው ጨርቅ ብዙ ጊዜ በውስጡ ርጥብ ነው። ላስቲክነት ባለው ማዳበሪያና በፌስታል ታፍኖ ሲቀመጥ ይሻግታል። ከአሮጌ አንሶላ ከረጢት ሰፍተው፣ መሬትና ግድግዳ በማይነካበት ቦታ ይስቀሉት፤ ፀሐይ በወጣ ቀን ሁሉ አውጥተው ያናፍሱት። ብልን በተመለከተ፣ ብል የሚበላው ሱፍና የእንስሳት ጠጉር ያለበትን ጨርቅ ነው፤ ንጹሕ ጥጥን እምብዛም አይነካም። ስለዚህ የኮትና የሹራብ ብጣሽ ከጥጡ ተለይቶ፣ ታጥቦና በደንብ ደርቆ፣ ክዳኑ ገጥሞ በሚዘጋ ቆርቆሮ ይቀመጥ። የሻገተው ጥጥ በፈላ ውኃና በሳሙና ታጥቦ ፀሐይ ላይ ይሰጣ፤ ሲሳብ የሚቀደድ ከሆነ ክሩ ስለ በሰበሰ ለስፌት አይሆንም።

ጥያቄ፦ ነጠላ አርጅቶ መሐሉ ሳስቷል፣ ጥለቱ ግን አዲስ ይመስላል። መጣሉ አንጀቴን በላው።

መልስ፦ አይጣልም! ጥለት የሸማኔ እጅ ብዙ የደከመበት ክፍል ነው። ሆኖም በእጅ የተሸመነ ጨርቅ ልል ስለሆነ፣ በቀጥታ በመቀስ ከተቆረጠ ክሩ እየተመዘዘ ያልቃል። መቀስ ከመንካትዎ በፊት፣ ከጥለቱ አንድ ጣት ያህል ርቀው በነጩ ላይ ሁለት መስመር በመኪና ይስፉ፤ ከዚያ ከመስመሩ ውጭ ይቁረጡ። ከሥሩ የአቡጀዲ ገበር ያድርጉለትና በመሶብ ልብስ፣ በረከቦት ልብስ ወይም በትራስ ልብስ ጠርዝ ላይ ይስፉት። የሳሳው መሐል ደግሞ ተደራርቦ ለሕፃን ገላ ማድረቂያ ይሆናል፤ እንደ እርሱ ለስላሳ ነገር ከሱቅ አይገኝም።

ጥያቄ፦ ሁለት ሴት ልጆች አሉኝ። ለወር አበባ የሚሆን ታጥቦ የሚለበስ ጨርቅ ከብጣሽ መስፋት ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል፤ በጥንቃቄ ግን። ለገላ የሚቀርበውም የሚመጠውም ክፍል ንጹሕ ጥጥ ብቻ ይሁን። ያረጀ የጥጥ ካናቴራ ወይም አንሶላ ከላይ፣ ሦስት አራት ድርብ የጥጥ ፎጣ ወይም ፍላኔል (ለስላሳ፣ ጠጉራም የጥጥ ጨርቅ) ከመካከል፣ ጠበቅ ያለ ጥጥ ከሥር ተደርጎ፣ በሁለት በኩል ክንፍ ወጥቶለት በቁልፍ ይያዛል። ከተጠቀሙበት በኋላ በመጀመሪያ በቀዝቃዛ ውኃ ማለቅለቅ ይገባል፤ ትኩስ ውኃ ደሙን ከጨርቁ ጋር ያጣብቀዋል። ቀጥሎ በሳሙና ታጥቦ ፀሐይ ላይ መድረቅ አለበት። ልጆች በኀፍረት ከአልጋ ሥር ወይም ከሌላ ልብስ በታች ደብቀው ያሰጡታል፤ እንደዚያ የተሰጣ ጨርቅ ሳይደርቅ ይቀራል፣ ርጥበቱም ለገላ ጥሩ አይደለም። እናት ራሷ በገመድ ላይ በግልጽ ብታሰጣው ልጆቹም ይለምዱታል። በክረምት ፀሐይ ሲጠፋ በካውያ እስኪደርቅ ይተኮስ።

ጥያቄ፦ ደንበኛ ካመጣው ጨርቅ የሚተርፈው የማን ነው? እኔ ሁልጊዜ እወስደው ነበር።

መልስ፦ የባለ ጨርቁ ነው። ይህን አስረግጬ የምናገረው በሙያችን ስም ስለሚነሣበት ነው። እኔ ትርፉን በራሱ መቀነት አስሬ ከተሰፋው ልብስ ጋር አስረክባለሁ፤ ደንበኛው “ለአንቺ ይሁን” ካለ ብቻ አስቀረዋለሁ፤ ብዙዎቹም ይላሉ። የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ሲሆን ግን ውሰዱ ብዬ እለምናለሁ፤ ከዩኒፎርሙ ጋር አብራችሁ እጠቡት ብዬም አሳስባለሁ። የልጅ ሱሪ ከዓመት በኋላ ጉልበቱ ላይ ሲቀደድ፣ በሳጥን የተቀመጠው ብጣሽ እንደ አዲስ ጠቁሮ ይገኛል፣ ሱሪው ግን በፀሐይና በሳሙና ገርጥቷል፤ የተጣፈበት ቦታም ከሩቅ ይታያል። አብሮ ሲታጠብ የከረመ ብጣሽ ግን አብሮ ስለሚገረጣ፣ ልጁ ከጓደኞቹ መካከል ሳያፍርበት ይለብሰዋል።

ጥያቄ፦ ለምንም የማይሆነውን ጥቃቅኑን ምን ላድርገው? የዘጠኝ ዓመት ልጄም ስፌት ልማር እያለ ነው።

መልስ፦ ሁለቱን ጥያቄዎች በአንድ ሥራ መመለስ ይቻላል። ጥቃቅኑ ከ2 ሴንቲ ሜትር በማይበልጥ ልክ ተከትክቶ ለመቀመጫ ትራስ መሙያ ይሆናል፤ ሳይከተከት ከተሞላ ይጓጉላል፤ ለራስ ትራስ ደግሞ ስለሚከብድ አይመችም። ልጅዎ ግን ከመርፌ መትከያ ይጀምር። ቡናማ ቀለም ካላቸው ሁለት የጥጥ ቁራጮች ሦስቱን ጎን ይስፋ፤ ይገልብጠው፤ በፀሐይ ለብዙ ቀን ተሰጥቶ ፍጹም የደረቀ የቡና አተላ ከተከተከተው ጨርቅ ጋር ቀላቅሎ ይሙላውና አራተኛውን ጎን በእጁ ይዝጋው። አተላው ክብደት ስለሚሰጠው መትከያው ከጠረጴዛ ላይ አይንከባለልም፤ አተላ እንኳን ከጅማ ቤት፣ ከማንም ቤት የማይጠፋ ነገር ነው። አምስት መርፌ ይስጡትና ሥራውን ሲጨርስ አምስቱንም መትከያው ላይ ተክሎ፣ በእርስዎ ፊት ቆጥሮ ያስረክብ።